ማዘዣው ላይ የሌለ ዕቃ ካገኘን እንውሰደው ወይስ እንተወው?

አዲስ_ኮንስታብል
ሰላም ለሁላችሁ። ምርመራ ክፍል ከተመደብኩ ገና አራት ወሬ ነው። ጥያቄዬ የጀማሪ ከመሰላችሁ፣ አዎ የጀማሪ ነው።

ባለፈው ሳምንት ለስርቆት ጉዳይ የብርበራ ማዘዣ ይዘን አንድ ቤት ሄድን። ማዘዣው ላይ የተጻፈው አንድ ላፕቶፕና አንድ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ነው። ላፕቶፑን አገኘነው። ቴሌቪዥኑ የለም። አልጋ ስር ግን አንድ የስፖርት ቦርሳ ወጣ። ውስጡ 6 ስልክ፣ የሌላ ሰው የሆኑ 2 መታወቂያዎች እና በላስቲክ የታሰረ ብር አለ። አለቃዬ «ሰብስበው» አለኝ፣ ሰበሰብኩት። ጣቢያ ስንደርስ መርማሪዋ ማዘዣውን አፍንጫዬ ስር አስጠግታ «ይሄ ሁሉ የቱ ጋ ተጽፏል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ሌላም አለ። ስንገባ 11፡40 ነበር፣ ስንወጣ 12፡35። የዕቃ ዝርዝሩን የጻፍኩት ጣቢያ ገብተን ነው። በታዛቢነት የፈረመው ደግሞ ራሱ ተበዳዩ ነው። እንዳትስቁብኝ። በቅርቡ ምስክር ሆኜ ችሎት ልቀርብ ስለሆነ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጋሽ_ሳጅን
አይዞህ ልጄ፣ ማንም አይስቅብህም። እኔ 27 ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያ ብርበራዬን ስሄድ ማዘዣውን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነው የወጣሁት። አንዱ በሩጫ ሄዶ እስኪያመጣው ድረስ አምስት ሰው በር ላይ ቆሞ ከባለቤቱ ጋር ሲፋጠጥ ነበር።

ወደ ጉዳይህ ልምጣ። የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33ን አውጥተህ ቀስ ብለህ አንብብ። ማዘዣው የሚፈለገውንና የሚያዘውን ዕቃ ለይቶ መጻፍ አለበት። ፖሊስ ከተጻፈው ውጭ ሌላ ዕቃ መያዝ አይችልም። «ካገኘህ ግን ውሰድ» የምትል ቀዳዳ የለችበትም። መርማሪዋ ትክክል ናት። አለቃህ «ሰብስበው» ሲልህ ማዘዣ የሰጠህ መስሎህ ነው። ማዘዣ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው።

ሰዓቱም እዚያው ቁጥር ላይ አለ። ፍርድ ቤቱ በግልጽ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራ የሚካሄደው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። የአንተ 35 ደቂቃ አልፏል።

ሌሊት_ተረኛ
ሰዓት ካነሳችሁ አንድ ላውጋችሁ። አንድ አዲስ የመጣ ባልደረባችን ስልኩ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። «እስከ 12 ሰዓት ነው የተፈቀደልን» ስንለው ስልኩን አየና «ታዲያ ምን ያጣድፈናል፣ ገና 6 ነው፣ ስድስት ሰዓት ይቀረናል» ብሎ ቁጭ አለ። ውጭው ጨልሟል!

የምሬን ግን፣ በ11፡40 መግባት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ 20 ደቂቃ እንደማይበቃችሁ እያወቃችሁ መግባታችሁ ነው። እኔ ማመልከቻ ስጽፍ ቤቱ ትልቅ ከሆነ ወይም ተጠርጣሪው የሚገባው ማታ ከሆነ ምክንያቱን ዘርዝሬ ከ12 ሰዓት በኋላም እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ። ዳኛው ካመነበት ይጽፍልሃል። ካላመነበት ደግሞ ሌሊቱን በር ላይ ጠብቀህ ጠዋት ትገባለህ። ጃኬት መያዝ ነው።

ጠበቃዋ
አዲስ_ኮንስታብል፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ቦርሳውን የከፈታችሁት ላፕቶፑ ከመገኘቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አዲስ_ኮንስታብል
በኋላ ነው። ላፕቶፑ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር። ገና እንደገባን ነው ያየነው።

ጠበቃዋ
እንግዲያው ትልቁ ችግርህ ሰዓቱ አይደለም። ላፕቶፑ ከተገኘ የቀረህ ቴሌቪዥን ነው። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን የስፖርት ቦርሳ ውስጥ አይገባም። የተከሳሹ ጠበቃ እኔ ብሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ቦርሳውን ስትከፍት ምን ፈልገህ ነበር?» የሚል ይሆናል። ከዚያ ዝም እላለሁ። መልሱን ችሎቱ ራሱ ይጠብቅልኛል።

ቴሌቪዥን የሚፈልግ ሰው የስኳር ዕቃ አይከፍትም። ማዘዣ ቤቱን እንዳለ የሚያስረክብ ቁልፍ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሚነሳው ከሌላ ጫፍ ነው። የሰው ቤት፣ አካልና ንብረት አይበረበርም፣ በእጁ ያለ ንብረትም አይያዝም ብሎ ነው የሚጀምረው። ገደብ የሚደረገው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም ተለይቶ በወጣ ሕግ ነው። ማዘዣው ያንን በር ገርበብ ያደርግልሃል። ምን ያህል ገርበብ እንደሚል ደግሞ የተጻፈው ዕቃ ይወስነዋል።

ሌሊት_ተረኛ
እህቴ፣ ወረቀት ላይ ያምራል። ቦርሳው ውስጥ ሽጉጥ ቢሆንስ? «ይቅርታ፣ ማዘዣዬ ቴሌቪዥን ነው የሚለው» ብዬ ዚፑን ልዝጋ?

ጠበቃዋ
አይ፣ ዚፑን ዝጋ አላልኩም። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። ያኔ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀል ነው የሚሆነው። ሰውየውን የምትይዘው በዚያ መንገድ ነው፣ መዝገቡም ሌላ ነው። 6 ስልክ መያዝ ግን ወንጀል አይደለም። ያጠራጥራል፣ እስማማለሁ። ሲያጠራጥር ግን ባለበት ትተህ፣ ቦታውን የሚጠብቅ ሰው አቁመህ፣ ያየኸውን ጽፈህ ተጨማሪ ማዘዣ ትጠይቃለህ። ማዘዣ ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል፣ ሕጉ አላጠበበውም።

ሌሊት_ተረኛ
ማዘዣው እስኪመጣ ስልኮቹ በመስኮት ይወጣሉ።

ጋሽ_ሳጅን
ለዚያ ነው እኮ ቁጥር 32 ያለው። ጀማሪውም እንዲጠቀም ልዘርጋው።

ያለ ማዘዣ ቤት መግባት የሚቻልባቸው ሁለት ሁኔታዎች ናቸው። አንደኛው ወንጀለኛውን ከኋላ ከኋላው እየተከታተልከው ሮጦ ቤት ሲገባብህ፣ ወይም የወንጀሉን ዕቃ ቤት ውስጥ ሲጥል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አይነሳም። ትንፋሽህ እየተቆራረጠ ነው የምትገባው፣ ሁሉም ያይሃል። ትላንት ያመለጠህን ሰው ዛሬ ጠዋት ቤቱ ሄደህ «እየተከታተልኩት ነበር» ብትል ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ነው የሚያጣላን። ማስረጃ የሚሆን ዕቃ አንድ ቦታ ተደብቋል የሚል መረጃ ደርሶህ፣ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖር፣ ማዘዣ እስክታወጣ ዕቃው ይሸሻል ብለህ በበቂ ምክንያት ስታምን። ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል። ቀጥሎ ግን ሁለት ነገር አለ። ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ በሆነ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ክስ ወይም አቤቱታም በቁጥር 14 መሠረት መቅረብ አለበት። በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ቀን ተጽፎበት፣ ተፈርሞ ማለት ነው። አንዱ በስልክ «እዚያ ቤት የተሰረቀ ዕቃ አለ» ስላለህ ብቻ በር መስበር የለም። ጥቆማ ጥቆማ ነው።

የ3 ዓመቱ ነገር ለስርቆት አያስቸግርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 665 ተራው ስርቆት እንኳ እንደ ሁኔታው እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። የሚያስቸግረው «ይሸሻል» የምትለዋ ናት። ለምን ይሸሻል? ማን ያሸሸዋል? ፍርድ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? እኔ ከመግባቴ በፊት ሰዓቱንና ምክንያቱን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በሁለት መስመር እጽፍ ነበር። ከገባህ በኋላ የምትጽፈው ምክንያት ሁልጊዜ ያምራል፣ ለዚያ ነው ማንም የማያምነው።

ተከራይ
እኔ ፖሊስም ጠበቃም አይደለሁም፣ ግን ይሄ ነገር ደርሶብኛል። ከሥራ ስመለስ በሬ ተከፍቷል፣ ፍራሼ ተገልብጧል። ምንድነው ስል አከራዬ «ፖሊሶች መጡ፣ የማን ክፍል ነው አሉኝ፣ ትርፍ ቁልፍ ነበረኝ ከፈትኩላቸው። የሚደበቅ ነገር ከሌለህ ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። ለካ የሚፈለገው ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ነው። ማዘዣ አሳይተው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ዩኒፎርም ለብሰው ነበር» ነው መልሳቸው። ምንም አልጠፋብኝም። ብቻ ለወራት እንግዳ ቤት የማድር ነው የመሰለኝ። እና አከራይ መፍቀድ ይችላል?

ጠበቃዋ
በእኔ እምነት አይችሉም። ግላዊ ሕይወቱ የሚጠበቀው የሚኖርበት ሰው ነው፣ ካርታው በማንም ስም ይሁን። ክፍሉን ካከራዩህ በኋላ ትርፍ ቁልፉ የእሳቸው ቢሆንም ቤቱ ያንተ ነው።

እንዲያውም ልጨምርልህ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ያለ ማዘዣ የሚገባባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር «ባለቤቱ ከፈቀደ» የሚል አላስገባም። በተግባር ግን «ግቡ ብሎን ነው» የሚል ቃል በየመዝገቡ አለ። አራት መሣሪያ የታጠቁ ሰዎች በር ላይ ቆመው «እንግባ?» ሲሉ «አይ» የሚል ስንት ሰው አለ? በፈቃድ ገባሁ የሚል ፖሊስ ቢያንስ ሰውየው እምቢ ማለት እንደሚችል ነግሮት፣ በጽሑፍ አስፈርሞ ይግባ።

የኤግዚቢት_ክፍል
ስለ ማዘዣው በቂ ተብሏል። እኔን የሚያመኝ ዝርዝሩ ነው፣ ምክንያቱም የተያዘው ዕቃ የሚቀመጠው እኛ ክፍል ነው፣ መጨረሻ ላይ የምታቀፈው እኔ ነኝ።

ወንድሜ፣ ዝርዝር የሚጻፈው እዚያው፣ ዕቃው ከተገኘበት ሳይንቀሳቀስ ነው። ከተቻለ ገለልተኛ ሰው አመሳክሮ ይፈርምበታል። ገለልተኛ! ተበዳዩ እንዴት ገለልተኛ ይሆናል? ዕቃዬ ተሰረቀ ያለው እሱ፣ ተገኘ ብሎ የሚፈርመውም እሱ። ጎረቤት ጥራ፣ የቀበሌ ሰው ጥራ። «የደረጃ ምስክር» የምንለው እንዲህ ብርበራውን የሚታዘበውን ገለልተኛ ሰው ነው። ደግሞ መጨረሻ ላይ ጠርተህ አታስፈርመው፣ ሲገኝ ይይ።

አጻጻፉስ? አንዱ «ሳምሰንግ ስልክ 1» ብሎ ያመጣልኛል። መደርደሪያዬ ላይ 40 ሳምሰንግ አለ፣ የቱ ነው? «ጥቁር ሳምሰንግ፣ ስክሪኑ ታች በቀኝ በኩል የተሰነጠቀ፣ ጀርባው ላይ የልጅ ስቲከር ያለበት» ብለህ ጻፍ። ባለ 15 አሃዙን የስልኩን መለያ (አይኤምኢአይ) ቁጥር ከሳጥኑ ወይም ከሲም ማስገቢያው ላይ ካገኘኸው ጨምር። ብር ከሆነ ድምሩን ብቻ አትጻፍ። የ200 ኖት ስንት፣ የ100 ስንት፣ የ50 ስንት ብለህ ከባለቤቱና ከታዛቢው ፊት ቁጠር። ፖስታ ውስጥ አሽገህ መታተሚያው ላይ ሦስታችሁም ፈርሙ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አምስት ደቂቃ ለመቆጠብ ብሎ አምስት ወር የሚመላለስ አይቻለሁ።

አዲስ_ኮንስታብል
ብሩን እዚያ አልቆጠርነውም። ጣቢያ ነው የቆጠርነው።

የኤግዚቢት_ክፍል
ጉድ ነው። ቀጥል።

አዲስ_ኮንስታብል
አንዱን ስልክ ደግሞ አለቃዬ መኪና ውስጥ ከፍቶ ፎቶዎቹን ሲያይ ነበር። የይለፍ ቃል አልነበረውም። ስልኩ ከተያዘ ውስጡን ማየት ይቻላል አይደል?

ጠበቃዋ
አይቻልም! ስልኩን መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ውስጡን መበርበር ሌላ። አንቀጽ 26 ደብዳቤን፣ የስልክ ግንኙነትንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ለብቻው ነው ያነሳው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም፣ 958/2008 ማለቴ ነው፣ ለዚያ ምርመራ የኮምፒውተር ሥርዓትና ዳታ ሲበረበር የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይጠይቃል። ዛሬ ሰው ስልኩ ውስጥ የሚይዘው ቤቱ ውስጥ ከሚይዘው ይበልጣል። ፎቶ፣ የባንክ መልእክት፣ የሚስቱ ድምፅ፣ የሐኪም ወረቀት። የይለፍ ቃል አለመኖሩ ደግሞ ምንም አይለውጥም። በር ስላልተቆለፈ ግባ የተባለ ይመስልሃል?

ዝም_አልልም
ሁላችሁም ቁጥር ትጠቅሳላችሁ። አንድ ነገር መልሱልኝ። ፖሊስ ያለ ማዘዣ ገብቶ ያገኘውን ዕቃ ፍርድ ቤት ይጥለዋል? አይጥለውም! ታዲያ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?

ጠበቃዋ
ጥያቄህ የሚጎረብጥ ነው፣ አልሸሸውም። በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በግልጽ ይላል። በሕገ ወጥ ብርበራ ስለተገኘ ዕቃ ግን እንደዚያ ቁርጥ ያለ ድንጋጌ የለንም። ስለዚህ እኛ ጠበቆች የምንከራከረው በክብደቱ ላይ ነው። ዕቃው እውነት እዚያ ነበር? ማን አየ? ከዚያ በኋላ ማን ነካው?

አሜሪካኖቹ በዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መስመር አስምረዋል። በእነሱ አቆጣጠር 1957 የክሊቭላንድ ፖሊሶች የፍንዳታ ተጠርጣሪ ፍለጋ ብለው ዶልሪ ማፕ የምትባል ሴት ቤት ይገባሉ። ማዘዣ ነው ያሉትን ወረቀት ያውለበልቡላታል። እሷ ቀምታ ደረቷ ውስጥ ትከተዋለች፣ ታግለው ይወስዱባታል። ቤቱን ሲያገላብጡ ያገኙት ጸያፍ የተባሉ ጽሑፎችና ሥዕሎችን ነው፣ የተከሰሰችውም በዚያ። ያ ማዘዣ ችሎት ላይ ቀርቦ አያውቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1961 እንዲህ ያለ ማስረጃ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም አይቀርብም አለ። የእኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ የወጣውም በዚያው በእነሱ 1961፣ በእኛ 1954 ነው። እኛ ማዘዣውን ጻፍን፣ ጥሶ የገባ ምን ይሆናል የሚለውን ግን ሳንጨርሰው ቀረን። የእኔ አቋም ሕግ አውጪው ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት የሚል ነው።

ዝም_አልልም
ቢያንስ አመንሽ። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ? ያኔ ማዘዣ የሚባል ነገር የሚያነሳ የለም።

ጋሽ_ሳጅን
ልክ ነህ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም የማይነኩ ብሎ የዘረዘራቸው ውስጥ አንቀጽ 26 የለም። ከሽብር ጋር በተያያዘም የቀድሞው አዋጅ 652/2001 ለድንገተኛ ፍተሻ የፌዴራል ፖሊስ የበላይ ኃላፊ ወይም የወከለው ሰው ፈቃድ ይበቃል ይል ነበር። እሱ በ2012 በአዋጅ 1176 ተተክቷል። የዚህ ልጅ ጉዳይ ግን ላፕቶፕ ነው። በሰላሙ ጊዜ በተራ ስርቆት እንደ አስቸኳይ ጊዜ የሚገባ ባልደረባ አለን፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ለማን ነው ላልከው፣ ከኪሴ ልንገርህ። አንዴ ዝርዝር ሳልጽፍ ያመጣሁት የእጅ ሰዓት «ፖሊሱ ራሱ ነው ያስቀመጠብኝ» ተባለ። አላስቀመጥኩም። ግን አለማስቀመጤን የሚያሳይ አንዲት ፊርማ አልነበረችኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ችሎት ቆሜ ሌባው እኔ ሆኜ ወረድኩ።

ሴት_መርማሪ
አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። በቤቱ ሴት ከነበረችና እሷን መፈተሽ ካስፈለገ የምትፈትሻት ሴት ናት፣ ቁጥር 32 ነው። ለተያዘ ሰው አካል ፍተሻም በላዩ ማስረጃ አለ ብሎ ለመጠርጠር ምክንያት መኖር አለበት። «ሴት ፖሊስ አልነበረችም» ምክንያት አይሆንም፣ ሳትወጡ አስቡበት።

አዲስ_ኮንስታብል፣ ለችሎቱ ምክሬ አጭር ነው። ዝርዝሩ የት እንደተጻፈ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ፣ ማን እንደፈረመ በሪፖርትህ ላይ እንደሆነው ጻፍ፣ ለዐቃቤ ሕጉም አስቀድመህ ንገረው። እሱ ከተከሳሽ ጠበቃ አፍ ከሚሰማው ካንተ ቢሰማ ይሻለዋል።

አዲስ_ኮንስታብል
ተመለስኩ። ዛሬ ቀርቤ ወረድኩ።

ጠበቃዋ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ የተከሳሹ ጠበቃ? ቃል በቃል «ቦርሳውን ስትከፍት ምን ፈልገህ ነበር?» ነው ያለኝ። «አለቃዬ ክፈተው ስላለኝ ነው፣ ቴሌቪዥን እዚያ ውስጥ እንደማይገባ አውቃለሁ» አልኩ። ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝና ጻፉ። ስለ ሰዓቱም ስለ ፊርማውም እንደሆነው ተናገርኩ። ላፕቶፑ ላይ ብዙ አልጠየቁኝም። ስለ ስልኮቹና ስለ ብሩ ግን ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። በእኛ ቆጠራ ብሩ 11,400 ነው። የተከሳሹ እህት ግን 11,600 ነበር አለች። አንድ የ200 ኖት መሆኑ ነው። ከችሎት እንደተመለስኩ የቦርሳውን ኪሶች ሦስት ጊዜ ገለበጥኩ፣ የለም።

የኤግዚቢት_ክፍል
ቆይ ቆይ። ቦርሳውን እንደገና ከፈትከው? ማን ባለበት?